አምስት ቀን በሼፊልድ፦ የመጀመሪያውን ክለብ ፍለጋ

አርብ

ጥያቄው የተነሳው አዲስ አበባ ነው። ባለፈው ዓመት ለእረፍት ስሄድ ታናሽ ወንድሜ ሰፈራችን ወዳለ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት ይዞኝ ገባ። ቤቱ ጢም ብሏል። እረፍት ሰዓት ላይ አጠገባችን የተቀመጠ የአሥራ አራት፣ አሥራ አምስት ዓመት ልጅ ድንገት፣ "ግን የዓለም የመጀመሪያው የኳስ ክለብ ማነው?" አለ። አንዱ ማንቸስተር አለ። ሌላው ሊቨርፑል። አንድ አዛውንት "አርሰናል ነው እንጂ!" ብለው ሊዘጉት ሞከሩ። ልጁ ወደ እኔ ዞረና፣ "ጋሼ፣ እርስዎ እንግሊዝ አገር አይደል የሚኖሩት?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ለንደን ስመለስ ነገሩ አልለቀቀኝም። ፈለግኩ፣ አነበብኩ። መልሱ ሼፊልድ ኤፍሲ ነው። ሼፊልድ ዩናይትድ አይደለም፣ ሼፊልድ ዌንስደይም አይደለም። ዝም ብሎ ሼፊልድ። የተመሠረተው ኦክቶበር 24 ቀን 1857 ነው። (እዚህ የምጽፋቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛን ስጠቅስ እናገራለሁ።) ያኔ አፄ ቴዎድሮስ ከነገሡ ገና ሦስተኛ ዓመታቸው ነበር። የእኛው አንጋፋ ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. ሲመሠረት ሼፊልድ የ78 ዓመት ሽማግሌ ነበር።

ይበልጥ የገረመኝ ግን ክለቡ ዛሬም መኖሩ ነው። አለ። ይጫወታል። ግን በቴሌቪዥን አናየውም። የእንግሊዝ ኳስ እንደ መሰላል ነው። ከላይ ፕሪሚየር ሊግ፣ ቀጥሎ ሻምፒዮንሺፕ፣ ከዚያ ሊግ ዋንና ሊግ ቱ። እነዚህ አራቱ ላይ 92 ክለቦች አሉ። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ኖን ሊግ ይባላል። እዚያ ቀን ግንበኛ፣ አስተማሪ ወይም ሾፌር ሆኖ ውሎ ማታ ታኬታ የሚያስር ተጫዋች ሞልቷል። የዓለም የመጀመሪያው ክለብ ያለው እዚያ ታች ነው። ለምን? ይህን ለማየት አምስት ቀን ፈቃድ ወሰድኩ።

ባቡሩ ከለንደን ሴንት ፓንክራስ ተነስቶ ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ። ከጣቢያው ስትወጡ የሚቀበላችሁ ረጅም የብረት ግድግዳ ነው። አብረቅራቂ ነው፣ ላዩ ላይ ውሃ ይንሸራተታል። ሼፊልድ የብረት ከተማ ናት። ቢላ፣ ሹካ፣ መቀስ ስትሠራ የኖረች ናት። ዝገት የማይነካውን ብረት ሃሪ ብሬርሊ በ1913 የሠራው እዚሁ ነው። ከተማዋ ዳገትና ቁልቁለት ብቻ ናት። ሻንጣ እየጎተተ ለሚወጣ ሰው እንጦጦ ትዝ ይለዋል።

የሚያሳድረኝ አብሮ አደጌ ጣቢያ ድረስ መጥቶ ተቀበለኝ። እዚህ ከተማ ታክሲ ይነዳል። "ዌንስደይ ነህ ዩናይትድ?" አለኝ ገና መኪናው ውስጥ ሳልገባ። ሼፊልድ ውስጥ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህን ነው። "ኤፍሲ ለማየት ነው የመጣሁት" ስለው ዞር ብሎ አየኝ። አሥር ዓመት ኖሮበት አንድ ቀን ሄዶ አያውቅም።

ማታ ብራማል ሌን ወሰደኝ። የሼፊልድ ዩናይትድ ስታዲየም ነው። መጀመሪያ በ1855 ለክሪኬት የተከፈተ ሜዳ ነው፤ ዩናይትድ የተመሠረተው ከዚያ 34 ዓመት በኋላ ነው። በሩ ዝግ ነበርና ግድግዳውን ተከትለን ዞርነው። እዚህ በ1862 ዲሴምበር 29 ቀን ሼፊልድና ሃላም የተባለው የጎረቤት ክለብ ተጫውተዋል። ያኔ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጥጥ አስቀርቶ የላንክሻየር ፋብሪካ ሠራተኞች ተርበው ነበር። ጨዋታው ለእነሱ ገንዘብ ማሰባሰቢያ ነው። በጎ ሐሳብ ነው፤ ግን ጠብ ተነሳ። የሃላሙ ዋተርፎል የሼፊልዱን መሪ ሻለቃ ክሬስዊክን ያዘው፣ በግርግሩ መሃል ክሬስዊክ ሳያስበው መታው። ዋተርፎል ሰደርያውን አውልቆ ወረወረና በቡጢ ገጠመው። የጊዜው ጋዜጣ እንደጻፈው ክሬስዊክ አንድም አልመለሰም። ለዋተርፎል የተሰጠው ቅጣት ደግሞ ግብ ጠባቂ መሆን ነበር። እኛም ሰፈር እኮ በረኛ የሚቆመው የተቀጣ ወይም የደከመ ልጅ ነበር!

ስለ በረኛ ካነሳሁ አንድ ሰው ልጥቀስ። አርተር ዋርተን በ1865 አክራ ነው የተወለደው፣ የዛሬዋ ጋና። የዓለም የመጀመሪያው ጥቁር ፕሮፌሽናል ተጫዋች እንደሆነ ይታመናል። በ1894 ሼፊልድ ዩናይትድን ተቀላቅሎ በዚሁ ግድግዳ ውስጥ ግብ ጠብቋል። ሯጭም ነበር፤ በ1886 መቶ ያርድ በ10 ሰከንድ ሮጧል። ሲሞት ግን ድሃ ነበር። በ1930 ተቀበረ፣ መቃብሩ ላይ ስም አልነበረም። የመቃብር ድንጋይ የቆመለት በ1997 ነው። ጨለማ ውስጥ ግድግዳውን ዳብሼ አለፍኩ።

ቅዳሜ

ዛሬ ለሃላም ነው። ሃላም በ1860 የተመሠረተ የዓለም ሁለተኛው ክለብ ነው። ሼፊልድን ለብቻው ማወቅ አይቻልም። አንድ ክለብ ብቻ ካለ ከማን ጋር ይጫወታል? ሼፊልድ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት የሚጫወተው እርስ በርሱ ነበር፤ ባለትዳሮቹ ከላጤዎቹ ጋር። ሃላም ሲመጣ ነው ኳስ ተቃራኒ ያገኘው።

ሜዳው ሳንዲጌት ይባላል። ከመሃል ከተማ ወደ ምዕራብ፣ ክሮስፑል የሚባል ሰፈር ነው። አውቶቡሱ ሽቅብ ይወጣል፣ ይወጣል፣ አሁንም ይወጣል። ስንወርድ ንፋሱ ጃኬት ያስቆልፋል። ቤቶቹ ጥቁርማ የድንጋይ ቤቶች ናቸው። መሃላቸው አንድ ትንሽ በር አለ። በጊነስ መዝገብ የዓለም አንጋፋው የእግር ኳስ ሜዳ ተብሎ የተጻፈው ከዚህ በር ጀርባ ነው። ቦታው ከ1804 ጀምሮ የክሪኬት ክለብ ሜዳ ነበር።

በሩ ላይ ሰማያዊ ሻርፕ የጠመጠሙ አዛውንት ትኬት ይቆርጣሉ። ሼፊልድ ውስጥ ሰው ሲጠራ "ላቭ" ይባላል፤ ወንድም ለወንድ እንዲሁ ይላል። "ከየት መጣህ፣ ላቭ?" አሉኝ። ከለንደን አልኩ። "አይ፣ ከዚያ በፊትስ?" ኢትዮጵያ አልኳቸው። "አበበ ቢቂላ!" አሉና እጄን ጨበጡኝ። ሮም ላይ ሲሮጥ ልጅ እንደነበሩና አባታቸው ቴሌቪዥን ካለው ጎረቤት ቤት ይዘዋቸው እንደሄዱ ነገሩኝ። ሰልፉ ከኋላዬ እየረዘመ ነው፣ እሳቸው ግን አልቸኮሉም። ከኋላዬ የቆመውም ማንም አላጉረመረመም።

ሜዳውን ሳይ መጀመሪያ ያስተዋልኩት መዝመሙን ነው። ትንሽ ዘመም አይደለም፣ ቁልቁለት ነው። ከአንደኛው ጥግ ብትቆሙ የወዲያኛው ጥግ ዝቅ ብሎ ይታያል። ልቤ በአንድ ጊዜ ልጅነቴ ገባ። እኛ የተጫወትንበት ሜዳም እንዲህ ነበር። ሳንቲም የምንጥለው ቁልቁለቱን ለማግኘት ነው። ዳገቱ የደረሰው "በሁለተኛው አጋማሽ እናሳያችኋለን" ይላል። እዚህም እንደዚያው ሆነ። ሃላሞች በመጀመሪያው አጋማሽ ዳገቱን እየገፉ ተጫወቱ። ኳሷ ተከላካዩ ፊት ቆማ የነበረች ስትመስል ቀስ ብላ ትንከባለልና ከእግሩ ታመልጣለች። የሜዳው ልጆች ይህን ያውቁታል። ከሌላ ከተማ የመጣው የእንግዳው ቡድን ክንፍ ተጫዋች ግን ሦስት ጊዜ ሲሳሳት አየሁት። በአራተኛው ኳሷን ሳይሆን የሳሩን ዝማሜ እያየ ሮጠ፣ ደረሰባትም። አጠገቤ የነበሩት ደጋፊዎች ባላጋራ መሆኑን ረስተው አጨበጨቡለት።

በዚሁ ሳር ላይ፣ ዲሴምበር 26 ቀን 1860፣ የገና ማግስት፣ በዓለም ላይ ሁለት ክለቦች ለመጀመሪያ ጊዜ ተጋጠሙ። በረዶ ጥሎ ነበር። የዘመኑ ጋዜጣ የተጫዋቾቹ ልብስ በነጩ በረዶ ላይ እንዴት እንደሚያምር ጽፏል። ሼፊልድ 2 ለ 0 አሸነፈ። ሁለቱ ክለቦች ዛሬም ሲገናኙ ደርቢያቸው "የሕጎች ደርቢ" ይባላል፤ የኳስ ሕግ የተወለደው በእነሱ መካከል ነውና።

በእረፍት ሰዓት ከመስኮቷ ፊት ተሰለፍኩ። ፓይ ገዛሁ። ሻጯ ሳትጠይቀኝ ብርቱካናማ ወረቀት የተለጠፈበት ጠርሙስ አቀበለችኝ። ሄንደርሰንስ ነው። ከ1885 ጀምሮ ሼፊልድ ውስጥ የሚሠራ ጥቁር፣ ኮምጠጥ ያለ ማጣፈጫ ነው። እነሱ ዘንድ እንደኛ ሚጥሚጣ ነው፤ ምኑም ላይ ይደረጋል። ፓዩን ቆርሼ አፈሰስኩበት። ሙቀቱ በወረቀቱ አልፎ እጄን አሟሟቀኝ። ጣቶቼ ደንዝዘው ነበር።

ስለ ዋንጫው የነገሩኝ እዚያው ሰልፍ ላይ ነው። በ1867 ቶማስ ዩዳን የተባለ የቲያትር ቤት ባለቤት ለሼፊልድ ክለቦች ውድድር አዘጋጀ። 12 ክለቦች ገቡ። ከዚያ በፊት በዓለም ላይ የኳስ ዋንጫ የሚባል ነገር አልነበረም። ፍጻሜው ማርች 5 ቀን ብራማል ሌን ላይ ተደረገ፣ ሦስት ሺህ ሰው አየው። ሃላም አሸነፈ። ዋንጫው ግን ከጊዜ በኋላ ጠፋ። ማን እንደወሰደው፣ የት እንደገባ ሳይታወቅ ብዙ አሥርት ዓመታት አለፉ። በ1997 አንድ የስኮትላንድ የጥንታዊ ዕቃ ነጋዴ "ዋንጫችሁ እኔ ጋ ነው" አለ። ክለቡ ገንዘብ ሰብስቦ ገዛው። የብር ነው፣ የዓለም የመጀመሪያው የኳስ ዋንጫ።

ይህን የነገረኝ ሰውዬ ፊቱ በርቶ ነበር። እኔ ግን ሐሳቤ ሌላ ቦታ ሄደ። ያው 1867 የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሊዘምት መርከብ የጫነበት ዓመት ነው። ከመቅደላ የተወሰደው ብራናና ዘውድ፣ ጽዋና ታቦት በየሙዚየሙ ነው ያለው። አንዲት ትንሽ ክለብ የራሷን ዋንጫ ከገበያ ገዝታ ስትመልስ የሚሰማትን ደስታ በደንብ ገባኝ። የጎደለው ነገር ምን እንደሆነ የሚያውቀው ባለቤቱ ነው። ለሰውዬውም ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና፣ "መመለስ አለበት" አለ። ሌላ አልጨመረም።

ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ሃላሞች ቁልቁለቱን አገኙ። እንዴት እንደሮጡ ብታዩ!

እሁድ

ጠዋት ከወዳጄ ጋር ኢስት ባንክ መንገድን ወጣን። ከጣቢያው ጀርባ ነው፣ ፓርክ ሂል የሚባለው ግዙፍ የመኖሪያ ሕንፃ አጠገብ። የሼፊልድ ኤፍሲ የመጀመሪያ ቢሮ እዚህ ነበር። ቢሮ ስል ሕንፃ እንዳይመስላችሁ። የአበባ ማሳደጊያ የመስታወት ቤት ነው። ከአባላቱ የአንዱ አባት ግቢ ውስጥ ነበር፣ ጎኑ ያለው መስክ ደግሞ ሜዳ ሆነ። ዛሬ ምንም ምልክት የለም። መንገድ፣ መኪና፣ አጥር ነው ያለው። ቆመን አየን።

ክለቡን የመሠረቱት ሁለት ወጣቶች ናቸው። ናትናኤል ክሬስዊክ የ26 ዓመት ጠበቃ ነበር። ዊሊያም ፕሬስት የ25 ዓመት የወይን ጠጅ ነጋዴ። ሁለቱም ክሪኬት ተጫዋቾች ናቸው። ክሪኬት በክረምት የለም። ቁጭ ከማለት ብለው ኳስ ጀመሩ። ችግሩ ሕግ አለመኖሩ ነው። ያኔ እያንዳንዱ የእንግሊዝ ትልልቅ ትምህርት ቤት በራሱ ሕግ ነበር የሚጫወተው። አንዱ ኳስ በእጅ ይይዛል፣ ሌላው የሰው ቅልጥም መምታት ይፈቅዳል። ስለዚህ ለትምህርት ቤቶቹ ደብዳቤ ጻፉ፣ የየራሳቸውን ሕግ አስላኩ፣ አነበቡ፣ የማይረባውን ጣሉ። በ1858 የራሳቸውን ጻፉ። የለንደኑ የእግር ኳስ ማኅበር የተቋቋመው ከዚያ አምስት ዓመት በኋላ ነው።

ከሰዓት በኋላ ነው የቀኑ ምርጡ የመጣው። ወዳጄ ሁለት ልጆች አሉት፣ የዘጠኝና የአሥራ ሁለት ዓመት ወንዶች። ሕጎቹን በስልኬ ይዤ ነበርና ምሳ ላይ ሳነብላቸው ትንሹ "እንሞክረው!" አለ። ሽሯችንን ጨርሰን ቡናው እስኪፈላ ሳንጠብቅ ወደ መናፈሻው ወጣን። የጎረቤት ልጆችም ተጨመሩ፣ ስምንት ሆንን።

የ1858ቱ ሕግ እያንዳንዱ ተጫዋች ቀይና ጥቁር ሰማያዊ የሱፍ ቆብ ይኑረው ይላል። አንዱ ወገን ቀዩን፣ ሌላው ሰማያዊውን ያደርጋል። ማሊያ የለማ። እኛም ከቤት የተገኘውን ኮፍያና ሻርፕ ተካፈልን። መግፋት በእጅ ይፈቀዳል። መጥለፍና ቅልጥም መምታት ግን በምንም ዓይነት አይፈቀድም። ኳስ በእጅ መምታት ይቻላል፣ ይዞ መሮጥ አይቻልም። ከአየር ላይ መሬት ሳትነካ የቀለባት ግን ቅጣት ምት ያገኛል። ከጨዋታ ውጪ የሚባል ነገር የለም።

ይህ የመጨረሻው ነገር ሁሉን ገለበጠው። ትንሹ ልጅ ሄዶ በረኛው አጠገብ ቆመ። በቃ እዚያው ቀረ። "ኦፍሳይድ ነህ!" ብሎ ወንድሙ ጮኸ። "የለም እኮ፣ 1858 ነን!" አለው። ሦስት ጎል አገባ። አንዱ ልጅ ኳሷን ከአየር ላይ በሁለት እጁ ቀልቦ ደረቱ ላይ አጥብቆ ይዞ ቆመ፣ ምን እንደሚያደርግ ግራ ገብቶት። ሁላችንም ባለንበት ቀጥ አልን። ለካ ቅጣት ምት ናት። ያን ጊዜ ገባኝ። እነዚያ ሰዎች የጻፉት ሕግ ብቻ አይደለም። ጨዋታው ራሱ ምን ሊሆን እንደሚችል እያንዳንዱን ቅዳሜ እየሞከሩ፣ እያረሙ ነው ያገኙት። ዛሬ እንደ ተፈጥሮ የምናየው ነገር ሁሉ አንድ ሰው ጭቃ ላይ ቆሞ "እንዲህ ቢሆንስ?" ያለው ነው።

የማዕዘን ምት፣ እኛ ኮርና የምንላት፣ ከዚህች ከተማ ነው የመጣችው። በ1868 ሼፊልዶች ሕጋቸው ውስጥ አስገቧት፣ ለንደን በ1872 ተቀበለቻት። ግቡ ላይ ጠንካራ አግዳሚ ማድረግም የእነሱ ነው። ቴስታም ቢሆን። በ1866 ማርች 31 ቀን የለንደን ምርጥና የሼፊልድ ምርጥ ባተርሲ ፓርክ ተጋጠሙ። ለንደን 2 ለ 0 አሸነፈ። ሼፊልዶች ኳሷን በግንባር ሲገጩ ግን ለንደኖች ሳቁ ይባላል። እንዲህ ያለ ነገር አይተው አያውቁማ።

ሰኞ

ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ወዳጄ ሥራ ገባ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት። ቡና አፍልቼ ማስታወሻዬን ጻፍኩ።

ማክሰኞ

ዛሬ ሼፊልድ ኤፍሲን በአካል አየሁት። ግን ሼፊልድ ውስጥ አይደለም። ከከተማዋ በስተደቡብ፣ ክፍለ ሀገሩ ተሻግሮ፣ ደርቢሻየር ውስጥ ድሮንፊልድ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ባቡር አሥር ደቂቃ አካባቢ ነው የሚፈጅባት። የዓለም የመጀመሪያው ክለብ ለ144 ዓመት የራሱ የሚለው ሜዳ አልነበረውም። እንደ ተከራይ ከሰው ሜዳ ሰው ሜዳ ሲዞር ኖረ። በ2001 ነው እዚህ፣ ኮች ኤንድ ሆርስስ ከሚባል የመንገድ ዳር መጠጥ ቤት ጀርባ፣ የራሱን ያገኘው። ወደ ከተማዋ መመለስ ግን ሁልጊዜም ምኞታቸው ነው።

በጊዜ ደረስኩ። መብራቶቹ ገና አልበሩም። አንዲት ሴትዮ ብቻቸውን ፕሮግራም የሚሸጥበትን ጠረጴዛ ያዘጋጃሉ። ዕድሜያቸው ሰባውን ያለፈ ይመስለኛል። ቀይና ጥቁር ሻርፕ አድርገዋል፣ የክለቡ ቀለም ነው። ደመወዝ የላቸውም፣ እዚህ ማንም ማለት ይቻላል የለውም። ወንበር ስበው አስቀመጡኝና ጥያቄዬን በትዕግስት ሰሙ። የመጀመሪያው ሆኖ ለምን ታች ቀረ?

"ስላልፈለግን ነዋ፣ ላቭ" አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እስከ 1880ዎቹ ሼፊልድ ትልቅ ስም ነበረው። ከዚያ የላንክሻየር ክለቦች ለተጫዋች በድብቅ መክፈል ጀመሩ። በ1885 ማኅበሩ ክፍያን ሕጋዊ አደረገ። ሼፊልድ ኤፍሲ እንቢ አለ። ኳስ ለፍቅር ነው የምትጫወቱት፣ ለደመወዝ አይደለም አሉ። በዚያ ቀን ነው ዕጣ ፈንታቸው የተወሰነው። ከሚከፈላቸው ቡድኖች ጋር ሲጫወቱ ይሸነፉ ጀመር፣ በሰፊው። እነሱ ግን አልተመለሱም። ለማይከፈላቸው ክለቦች ብቻ የሚሆን ዋንጫ ይኑር ብለው ሐሳብ ያቀረቡትም እነሱ ናቸው። የአማተር ዋንጫው በ1893 ተጀመረ። በ1904 ራሳቸው ብራድፎርድ ላይ ኢሊንግን 3 ለ 1 አሸንፈው ወሰዱት። ትልቁ ዋንጫቸው ያ ነው። በ1977 ደግሞ ዌምብሌይ ደርሰው ኤፍኤ ቬዝ የሚባለውን የትንንሽ ክለቦች ዋንጫ ፍጻሜ ተጫወቱ። ከቢለሪኬይ ጋር 1 ለ 1 ወጡ፣ በድጋሚው ጨዋታ 2 ለ 1 ተሸነፉ።

እኔ በዚያ ውሳኔ ላይ ብዙ አሰብኩ። ለሠራተኛ ልጅ ክፍያ ትክክል ነው ባይ ነኝ። ክሬስዊክ ጠበቃ ነው፣ ቅዳሜ ቢጫወት የሚያጣው ነገር የለም። ብረት ፋብሪካ የሚውል ሰው ግን ግማሽ ቀን ከቀረ ልጆቹ ይራባሉ። አርተር ዋርተንም ባይከፈለው አይጫወትም ነበር። ቢሆንም እነዚህ ሴትዮ፣ ቲኬት ቆራጩ፣ ሣር አጫጁ፣ ሁሉም ያለ ክፍያ እዚህ አሉ። ያን ቀን የተባለው "ለፍቅር" የሚለው ቃል ተጫዋቹን ለቆ ወደ እነሱ ሄዷል።

ክብር አላጡም። በ2004 ፊፋ መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር ለሁለት ክለቦች ብቻ የክብር ሜዳሊያ ሰጠ። አንዱ ሪያል ማድሪድ ነው። ሌላው ይህ የመጠጥ ቤት ጀርባ ያለ ክለብ። በ2007፣ 150ኛ ዓመታቸው ላይ፣ ኢንተር ሚላን ብራማል ሌን መጥቶ ተጫወተላቸው። 5 ለ 2 ተሸነፉ። ፔሌ እንግዳ ነበር። ሴትዮዋ ፔሌን በእጃቸው ርቀት ላይ እንዳዩት ሲነግሩኝ ክንዳቸውን ዘርግተው አሳዩኝ፤ "እዚህ ጋ" አሉ፣ ጣታቸው ጠረጴዛዬን እስኪነካ።

ከዚያ ዝም አሉ። ስለ ወረቀቱ ጠየቅኳቸው። የ1858ቱን ሕግ የያዘው በእጅ የተጻፈው ሰነድና የክለቡ የጥንት መዝገቦች በ2011 ለንደን ውስጥ በሐራጅ ተሸጡ። 881,250 ፓውንድ። ገንዘቡ ክለቡን ለማቆየትና ለሜዳ ሥራ ነው። "ምን እናድርግ?" አሉ። እውነት ነው፣ ምን ያድርጉ? ግን አንድ ክለብ ለመኖር የልደት ምስክር ወረቀቱን ሲሸጥ ያማል። በፕሪሚየር ሊግ ያ ገንዘብ ለአንድ ኮከብ የጥቂት ሳምንት ደመወዝ ነው። ሁሉም ክለብ የሚጫወተው ከዚያ ወረቀት በወጣ ሕግ ነው። ከላይ ካሉት ሀብታሞች አንዱ ገዝቶ መልሶ ሊሰጣቸው ይችል ነበር። ይህን ስጽፍ ራሱ ይቆጨኛል።

መብራቱ በራ። ሼፊልድ ለኳስ መብራት አዲስ አይደለችም፤ በዓለም የመጀመሪያው የማታ ጨዋታ በ1878 ኦክቶበር ብራማል ሌን ላይ በኤሌክትሪክ መብራት ነው የተደረገው፣ ሃያ ሺህ ያህል ሰው ወጥቶ። ዛሬ ማታ የነበርነው ከጥቂት መቶ አንበልጥም። ከአጥሩ ብረት ላይ ተደግፌ ቆምኩ። እዚህ ተጫዋቹ ሲተነፍስ ይሰማል። በረኛው ተከላካዮቹን በስማቸው እየጠራ ይቆጣል። ኳሷ ወጥታ እግሬ ሥር ስትመጣ አነሳኋትና ለክንፍ ተጫዋቹ አቀበልኩት። "ቺርስ" አለኝ ዓይኔን እያየ። እጄ ላይ ጭቃ ቀረ።

ጨዋታው አልቆ ሰው ወደ መጠጥ ቤቱ ሲገባ ሴትዮዋ የወረቀት ሣጥናቸውን ተሸክመው በአጥሩ አጠገብ ሲያልፉ አዩኝ። ባቡሬ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቁ። አርባ ደቂቃ አለኝ አልኩ። "እንግዲያው ና አግዘን" አሉኝ። አንድ ወጣት መረቡን እያወረደ ነው፣ ሌላው ኳሶቹን ይሰበስባል። እኔን ወደ ወዲያኛው ጥግ ላኩኝ። ሳሩ ረጥቧል፣ ጫማዬ ውስጥ ውሃ ገባ። የኮርናውን ባንዲራ ያዝኩ። ቀጭን ነው፣ ይቀዘቅዛል፣ መሬቱ አጥብቆ ይዞታል። አንዴ ወዘወዝኩት፣ ደግሜ ሳብኩት። ሲነቀል ትንሽ የጭቃ ጉድጓድ ተወ። ጉድጓዱን በእግሬ ደፈንኩና ባንዲራውን ትከሻዬ ላይ አድርጌ በመብራቱ ውስጥ ሜዳውን ማቋረጥ ጀመርኩ።